አልገጥም ያለው አጥንቴ

ጥር 8፣ ሐሙስ። ጠዋት 3 ሰዓት

እግሬ በርጩማው ላይ፣ ከሥሩ ትራስ። ፀሐይዋ ገና ደጃፉ ላይ ናት። እምየ ወተቱን አፍልተው አመጡ፤ ጠጭ ብለው እስክጨርስ ቆመው ጠበቁ። ጨረስሁ። ብርጭቆውን ዘንበል አድርገው አይተው ሄዱ። እንደ ሕፃን።

ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ቁርጭምጭሚቴን አዞራለሁ። የዶ/ሩ ትእዛዝ ነው። ቀኝ ባቴ ከስቷል፤ ከግራው ጋር ሳስተያየው የሌላ ሰው እግር ይመስለኛል። ቅልጥሜን የተሰበርሁበት ቦታ ላይ ስነካው ይሞቃል። ከመስከረም ጀምሮ እንደሞቀ ነው።

ማስታወሻዬ፣ አንተን ያመጣችልኝ ትዕግሥት ናት፤ ት/ቤት አብራኝ የምታስተምር። ዝም ብለሽ ከምትውይ ጻፊ አለች። ስለ ምን? ስለ እግርሽ። እሽ። ስለ እግሬ ይሁን።

ነገ ራጅ አለኝ።


ጥር 9፣ ዓርብ። ከሰዓት በኋላ

ራጅ ተነሣሁ። ዶ/ሩ ወጣት ነው። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። መሐል ለመሐል ነጭ ብረት። ዙሪያውን አጥንት። አጥንቱን የምታቋርጥ ጥቁር ጭረት። መስከረም ላይ ያየኋት ጭረት ናት። በአንድ ወገን ጫፏ ደብዘዝ ብሏል፤ ሌላው እንዳለ ነው።

ሥራዬን ጠየቀኝ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ሉማሜ፣ አሥረኛ ክፍል። ፈገግ አለና፣ እንግዲያው አንቺ ታስረጂኛለሽ አለ።

አውቀዋለሁ። አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ ይደማል። ደሙ ይረጋል። የረጋው ደም ሕዋሳትን ይጠራል። እነሱ ልም አጥንት ይሠራሉ፣ ጆሮአችን ላይ እንዳለው ለስላሳ። ከዚያ ካልሲየም እየገባበት ይጠነክራል። መጨረሻ ላይ አንዱ ሕዋስ የተረፈውን እየበላ፣ ሌላው የጎደለውን እየሞላ፣ ወደ ድሮ ቅርጹ ይመልሱታል። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ በቀይና በነጭ ጠመኔ ስዬዋለሁ። ፈተናም አውጥቼበታለሁ።

የኔ ልም አጥንቱ ላይ ቆሟል። የቅልጥም የታችኛው ክፍል ሥጋ የለውም፤ ሥጋ ከሌለ ደም ያንሳል፤ ደም ያነሰው አጥንት ይዘገያል። ዶ/ሩ ሌላም ነገር አለ። ክብደት። ካልቆምሽበት፣ እንደምትፈልጊው አጥንቱ በምን ያውቃል አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ በግማሽ ክብደቴ ልረግጥበት። ወተት፣ እንቁላል፣ ፀሐይ። መጋቢት ላይ ልታይ። ያኔም ካልገጠመስ? አልጠየቅሁም። እሱም አልነገረኝም።

በባጃጅ ስንመለስ እምየ የራጁን ፖስታ ጭናቸው ላይ አስተኝተው በሁለት እጃቸው ያዙት። ይዘገያል ብሎኛል አልኋቸው።

«ይዘግይ» አሉ። «ማን አስቸኮለው?»

እምየ ስመኝ የባሌ እናት ናቸው። ከሆስፒታል ስወጣ ይጁቤ ያለውን ቤታቸውን ዘግተው፣ ከብቶቻቸውን ለጎረቤት ሰጥተው፣ ደ/ማርቆስ እኔ ዘንድ መጡ። ይኸው አሉ።

ባሌ ይበልጣል የእንስሳት ሐኪም ነበር። በሞተር ገጠር ለገጠር ይዞራል። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ እናቱ ደወሉ፤ ላሚቱ መውለድ አቅቷት ታምጣለች። ቅዳሜ ነበርና እኔም ልያቸው ብዬ ከኋላው ተቀመጥሁ። አዋለዳት። ምሳ በላን። ስንመለስ ዝናብ ጣለ፤ ጭቃው ላይ ሞተሩ ተንሸራተተ። እሱ እዚያው። እኔ እግሬን።

ይኸው ጻፍሁት።


ጥር 11፣ እሑድ። ጥምቀት

ከበሮው ከሩቅ ይሰማል፣ ይቀርባል። እምየን ይሂዱ እንጂ አልኋቸው። ታቦቱ በደጃችን ያልፋል፣ ከዚሁ እሳለመዋለሁ አሉ። የግቢውን በር ከፍተው ቆሙ። ልጆች፣ እልልታ፣ አቧራ። ሲመለሱ የነጠላቸው ጫፍ ርሷል፤ ከጠበሉ የመጣ ሰው ረጭቶላቸው ነው። ጎንበስ ብለው ቅልጥሜን በነጠላው ጠረጉት። ቀዘቀዘኝ። ደስ አለኝ።

አምና በዚህ ቀን ይበልጣል ከጎረምሶች ጋር ሲጨፍር ውሎ ባንድ እግሩ ጫማ ብቻ መጣ። ሌላኛው የት እንደወደቀ አያውቅም። ትዝ ሲለኝ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ጠፋብኝ።

አላለቀስሁም እስካሁን። አንተ እወቀው። መርዶውን የነገሩኝ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው፤ ብረቱ በገባልኝ ማግሥት፣ መድኃኒቱ ገና ከራሴ ሳይወርድ። የመጡት ሁሉ ያለቅሳሉ። እኔ ጣራውን አያለሁ። ሲነግሩኝ እሱ ተቀብሯል። ልቅሶው ይጁቤ ተለቀሰ፣ ያለኔ። አርባውም ያለኔ ወጣ።


ጥር 14፣ ረቡዕ። ከቀኑ 10 ሰዓት

እምየ ዛሬ ፊልሙን አምጭው አሉኝ። መነጽር የላቸውም፤ ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ፀሐይ ያዙት።

«ይች ጥቁሯ ምንድን ናት?»

የተሰበረችው ናት አልኋቸው።

«ባዶ ናት?»

ባዶ አይደለችም። አጥንት ሊሆን የጀመረ፣ ገና ያልሆነ ነገር አለባት። ራጅ አያየውም። ደሙን፣ ሕዋሱን፣ ልሙን፣ እንደ ተማሪዎቼ አስረዳኋቸው። ደስ አለኝ፤ ካስተማርሁ ሰንብቻለሁ።

«ማንም ሳያዘው ነው ይህን ሁሉ የሚሠራ?»

አዎ።

«ስትተኝም?»

ስተኛም።

«ታዲያ ምን ሆኖ ቆመ?»

ደም አንሶት አልሁ። መልሱ ለራሴም አልጣመኝ። እምየ ፊልሙን ፖስታው ውስጥ መለሱ። ከዚያ፣ ይበልጣል ሕፃን ሳለ እርግብግቢቱ ቶሎ አልገጠመችም ነበር አሉ። የእኩዮቹ ሁሉ ገጥማ የእሱ ብቻ ትር ትር ትላለች። ሰው እስኪስቅባቸው ድረስ ሮጦ መጫወት ከጀመረም በኋላ አናቱን ቅቤ ይቀቡት ነበር። ሲያኝክ ያያታል ሰው፣ አሉ፤ ቆሎ ሲበላ አናቱ ላይ ትንቀሳቀሳለች።

«በኋላ ገጠመች» አሉ። «መቼ እንደሁ ሳላውቅ። አንድ ቀን ብነካው የለችም።»

እዚህ ቤት ከመጡ ስሙን ሲጠሩ የመጀመሪያ ቀናቸው ነው።


ጥር 20፣ ማክሰኞ

ዛሬ ተናድጃለሁ። እምየ ሳይነግሩኝ ከአምበር ወጌሻ አስመጡ። ሽማግሌ ሰው፣ ነጭ ጋቢ፣ ትልልቅ እጅ። እኔ ብረት አለብኝ፣ ማንም አይነካኝም ብዬ ጮህሁ። እምየ ደነገጡ። ሰውየው ጠባሳውን ከሩቅ አዩት፤ ብረት የገባበትን እኔም አልነካም፣ የሐኪም ሥራ ከሐኪም ጋር ይለቅ አሉ። እግዜር ይማርሽ ብለው፣ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ። እኔ አፈርሁ። እምየ ሙሉ ቀን አኮረፉ። ማታ ራት ሲያቀርቡ፣ ቁጭ ብየ ከማይሽ ብዬ ነው እንጂ አሉ።

እግር መርገጡ? አልተጀመረም።


የካቲት 3፣ ሰኞ። ነነዌ ገባ

ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ክራንች። ቀኝ እግሬን አሳርፋለሁ። ተረከዝ፣ ከዚያ ጣት። ከዚያ ክብደት የሚባለው ሲመጣ እጆቼ ሁሉንም ይወስዱታል። እግሬ መሬት ይነካል እንጂ አይረግጥም። ብብቴ ቆስሏል። አጥንቴ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሕመሙ ነው የሚያስፈራኝ ብዬ ለትዕግሥት በስልክ ነገርኋት። ውሸቴን ነው። ላንተ እውነቱን ልጻፈው። አጥንቱ ቢገጥም ክራንቹ ይቀራል። ክራንቹ ሲቀር እምየ ቤታቸው ይገባሉ። እኔ ሉማሜ ሄጄ ሰሌዳ ፊት እቆማለሁ። ማታ ስመለስ ቤቱ ዝግ ነው። እሱ የሌለበት ኑሮ ያኔ ይጀመራል። አሁን አልተጀመረም። አሁን በሽተኛ ነኝ።

ሂሳቡ ይኸው ነው። ባዮሎጂ ውስጥ የለም።


የካቲት 6፣ ሐሙስ። ከሰዓት በኋላ

የእምየ ጎረቤት ወ/ሮ የኔዓለም ከይጁቤ መጡ፤ ገበያ ነበራቸው። የእምየን ከብቶች የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ወተት በትንሽ ጀሪካን ይዘዋል። ያ ወተት በመኪና የሚላከው በሳቸው ነው ለካ። እኔ እዚሁ ማርቆስ ከሰው የሚገዛ ይመስለኝ ነበር። ጠይቄም አላውቅ።

እምየ ዕቃ ሊያጥቡ ሲወጡ ሴትየዋ ወደኔ ጠጋ ብለው አጽናኑኝ። ደግ ሰው ናቸው። ይበልጣል ለናቱ ጥሎ የሄደው ሲሳይ ነው አሉ፤ ያዋለዳት ላም እኮ ናት፣ እንዲህ ታልባ አታውቅም፣ ጥጃዋም እንዴት አምሮበታል መሰለሽ።

ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የምጠጣው የእሷን ነው። አጥንቴ ውስጥ የገባው ካልሲየም ከእሷ ነው።

ማታ ሆዴን አሞኛል ብዬ ሳልጠጣ ተኛሁ።


የካቲት 10፣ ሰኞ

ዛሬም አሞኛል አልሁ። ትናንት እምየ ሳያዩ አበባው ሥር ደፋሁት። አበባው ምን በደለ።


የካቲት 17፣ ሰኞ። ዐቢይ ጾም

ጾም ገባ። ተመስገን። ወተት ቀረ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ተልባ። እምየ የሚያዩኝ በስጋት ነው። እኔ ጾመኛ ሆኛለሁ፤ ከጠዋት እስከ 9 ሰዓት ውኃ አልቀምስም። እንዲህ አጥብቄ የያዝሁት ጾም ኖሮ አያውቅም። እግዜር ምክንያቴን ያያል።

ደህና ዜና፦ በአንድ ክራንች እስከ በሩ ሄድሁ። መጥፎ ዜና፦ ሌላውን እጄን እምየ ትከሻ ላይ አድርጌ ነው።


የካቲት 24፣ ሰኞ። ረፋድ

እንዴት እንደምጽፈው።

እምየ በጠዋት ወጥተው ነበር። ለካ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄደዋል። አባ ለበሽተኛ ፈቅደዋል፤ እስክትድን ትጠጣ ብለዋል። እሳቸው ጾመው፣ በጾም እጃቸው ወተት አፍልተው አቀረቡልኝ። አልጠጣም አልሁ። አባ ፈቅደዋል አሉ። ጾሙ አይደለም አልሁ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ላሚቱ ናት።»

ብርጭቆው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?»

«ወ/ሮ የኔዓለም። እኔን ለመጉዳት አይደለም፤ ለማጽናናት ነው የነገሩኝ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ብርጭቆውን አጠገባቸው አስቀመጡት።

«የጠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ላሟ ትሙት ብየ ብተዋት ልጄ አይሞትም ነበር። ይህን እንድትይኝ ነው ከመስከረም ጀምሮ የምጠብቅሽ። ስትነቂ ትለኛለች እላለሁ። ስታኮርፊ አሁን ትለኛለች እላለሁ። ለምን አትይኝም፣ ማስቱ?»

አይደለም፣ የርስዎ ጥፋት አይደለም ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ድረስ መጣ። ጉሮሮዬ ላይ ግን ሌላ ቃል ነበረ፤ አዎ የሚል። ሁለቱ ተያዩና ዝም አልሁ።

ዝምታዬን ሰሙት። ብርጭቆውን ይዘው ወጡ።


የካቲት 26፣ ረቡዕ

እምየ ይጁቤ ሄዱ። ደርሼ ልምጣ ብለው። ምን ላድርግ ብለው አልነገሩኝም፤ አልጠየቅሁም። የምስር ወጥና እንጀራ አዘጋጅተውልኛል፤ ውኃው ተቀድቷል፤ ልብሴ ታጥቦ ተጣጥፏል። ትዕግሥት ማታ ማታ መጥታ ታድራለች። ቀን ብቻዬን ነኝ።

ቤቱ ይህን ያህል ሰፊ ኖሯል?

ውኃው እስኪፈላ ምድጃው ጋ ቆሜ፣ መስኮቱን እያየሁ፣ ሳላስበው በሁለት እግሬ ቆሜ ኖሯል። ክራንቹ ግድግዳው ጋ ነው። እንዳየሁት ሕመሙ ቅልጥሜን ሰነጠቀው። ተቀመጥሁ። ላበኝ።


የካቲት 29፣ ቅዳሜ

አልመጡም። የይጁቤ መኪና የለም ይላሉ፣ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል። ስልኩ አይጠራም። የወ/ሮ የኔዓለምም አይጠራም። እንዲህ ሲሆን አያልቅብኝም፤ ሁሉን ዓይነት ሞት አሰብሁ። ጭቃ የለም፣ በጋ ነው፣ እላለሁ ለራሴ። ጭቃ የለም።

ብመልስላቸው ምን ነበረበት። አንዲት ቃል።


መጋቢት 2፣ ማክሰኞ። ከምሳ በኋላ

መጡ። አቧራ ለብሰው፣ ጀሪካን አንጠልጥለው። ክራንቼን ረስቼ በግድግዳው ተደግፌ እስከ በሩ ሄድሁ። ጉንጬን ሳሙኝ። ውኃ ጠጡ። ከዚያ ራሳቸው ጀመሩ።

ላሚቱን ሊሸጡ ነው የሄዱት። መንገዱ እስኪከፈት ጠብቀው፣ ትናንት ከነጥጃዋ ገበያ አወጧት። ገዥ ወዲያው ተገኘ፤ ገመዷን ተቀበላቸው።

«ሊነዳት ሲል ጀርባዋን ዳበስኋት» አሉ። «ደህና ሁኝ ልላት። እጄ እንዳረፈ ትዝ አለኝ። ይበልጣል ጥጃውን አውጥቶ፣ እጁን በቅጡ ሳይታጠብ፣ ጎበዝ ብሎ እዚህ ጋ መታ መታ አደረጋት። ከዚያ ወዲህ የነካው ሞተሩን ነው፣ ሞተሩም ተሰባብሯል። ከእጁ የቀረኝ እሷ ናት። ገመዱን ከሰውየው ላይ ተቀበልሁት። ሰደበኝ። ይስደበኝ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ፤ እጃቸውን ያዝሁ። ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም፤ እንዲሁ ወጣ።

«እምየ፣ ጠርተውት ባይመጣ ኖሮ እሱ ይበልጣል አይሆንም ነበር።»

አለቀሱ። ረጅም ለቅሶ፣ ድምፅ የሌለው። ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። የኔ ዓይን ደረቅ ነው። ሲበቃቸው ወተቱን ላፍላልሽ ወይ ብለው በፍርሃት ጠየቁኝ። ያፍሉልኝ አልሁ። ጠጣሁ።

አዎ የሚለው ቃል ጠፋ እንዴ? አልጠፋም። ግን አሁን ብቻውን አይደለም።


መጋቢት 11፣ ሐሙስ

አልገጠመም።

ዶ/ሩ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ያዘ። ጭረቷ ሰፍታለች እንጂ አልጠበበችም። የአጥንቱ ሁለት ጫፎች ነጥተዋል፣ ድቡልቡል ብለዋል። ምን ማለት እንደሆነ ሳይነግረኝ ገባኝ። ጫፎቹ ተደፍነዋል። ሰውነቴ ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ዘግቶ ሄዷል። እንዲህ ከተተወ እዚያ ቦታ ላይ የውሸት መገጣጠሚያ ይሠራል፤ ጉልበት በሌለበት ጉልበት።

ሁለተኛ ቀዶ ጥገና። ባ/ዳር። የተደፈነውን ከፍተው፣ የነጣውን ፍቀው፣ እንደ አዲስ እስኪደማ ድረስ ፍቀው፣ ከዳሌዬ አጥንት ወስደው መሐሉ ላይ ያደርጉበታል። ብረቱንም ይለውጡታል። መድማት አለበት ወይ አልሁት፣ እያወቅሁት። ካልደማ አይጀምርም አለ። ከፋሲካ በኋላ ቀጠሮ ይይዝልኛል። አስቢበትና ንገሪኝ።

ወተቱ፣ መርገጡ፣ ፀሐዩ ለከንቱ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ለከንቱ አይደለም፣ ለሚቀጥለውም ያስፈልግሻል አለ። ጥሩ ልጅ ነው። አላጽናናኝም።

እምየ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ። ፊቴን አይተው ተነሡ።

«ወተቱ አነሰ?» አሉኝ።

«አላነሰም፣ እምየ። አላነሰም።»


መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ማንንም አልወድም። ትዕግሥት ስትመጣ ተኝታለች አስባልሁ። የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ያለውን የአጥንት ሥዕል አየሁት፤ አራት ሣጥን፣ አራት ቀስት፣ መጨረሻው ላይ ሙሉ አጥንት። አምስተኛ ሣጥን ይጎድለዋል። ልጆቹ አንድ ቀን እጃቸውን አውጥተው፣ ቲቸር፣ ካልገጠመስ ቢሉኝ ምን ልላቸው ኖሯል? ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ድጋሚ ቀዶ ጥገና አልፈልግም። በክራንች የሚኖር ሰው ስንት አለ።


መጋቢት 19፣ ዓርብ

እምየ ስለ ቀዶ ጥገናው አንድ ጊዜ ብቻ አነሡ። እግርሽ ነው፣ አንች ታውቂያለሽ አሉ። ከዚያ የተለቀመ ምስር መልሰው ለቀሙ።

ከሰዓት ላይ፣ መቃብሩን አላየሁትም አልኋቸው። አውቃለሁ አሉ። መሄድ እፈልጋለሁ አልሁ። ምስሩን አስቀመጡት።


መጋቢት 28፣ እሑድ። ይጁቤ

ትናንት መጣን። ሾፌሩ የፊተኛውን ወንበር ለቆልኝ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥሁ። የወደቅንበትን ቦታ ስናልፍ እምየ ከኋላ ትከሻዬን ያዙ። መንገዱ ደረቅ፣ ተራ መንገድ። ሰው አህያ ይነዳበታል።

ዛሬ ቅዳሴ ሲያበቃ ሄድን። ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ፣ ከጥዶቹ ሥር። እኔ በሁለት ክራንች፣ ወጣ ገባው መሬት ላይ እየተንገዳገድሁ። የሰፈሩ ሴቶች ቀድመው ደርሰዋል፤ እምየ ነግረዋቸው ኖሯል። ወ/ሮ የኔዓለም አሉ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ቀብሩ ዛሬ ይመስል። የድንጋይ ክምር፣ የእንጨት መስቀል። ቆሜ አየሁት። ምንም የለም። እንደ ሆስፒታሉ ጣራ። ፈራሁ፤ እነዚህ ሁሉ ሴቶች ለኔ ብለው መጥተው እኔ ደረቅ ሆኜ ልመለስ ነው ብዬ ፈራሁ።

እምየ ፊቴ መጥተው ቆሙ። አንዱን ክራንች ከእጄ ወስደው ለወ/ሮ የኔዓለም ሰጡ። ሁለት እጄን ያዙ። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚረዳ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ማስተዋል ልጄ» አሉ። «ይበልጣል ሞቷል።»

እኔም፣ አላውቅም ለምን፣

«መቼ?» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። መሬት ላይ ነበርሁ። ድንጋዩ ይፋጃል፣ ፀሐይ ወጥታበታለች። ድምፄን ሰማሁት፣ የማላውቀው ድምፅ። ሴቶቹ ዙሪያዬን ከበው እየተቀበሉ አለቀሱ፤ አንዷ ስሙን እየጠራች፣ ደግነቱን፣ ሞተሩን፣ ሌሊት ሳይል ለሰው ከብት መውጣቱን እየዘረዘረች። የሰው ሁሉ ላም አዋልዶ ኖሯል። የዚያች ትልቅ ሴት በሬ፣ የዚያች በግ። ሁሉም የየራሱን አለቀሰለት። ጫማው ጠፍቶበት መምጣቱን እኔ ነገርኋቸው፤ እያለቀስሁ ነገርኋቸው፤ እያለቀሱ ሳቁ።

እምየ እግሬን ከነብረቱ ጭናቸው ላይ አድርገው ይዘውት ነበር፣ እንዳይመታ።

ሲበቃ ያነሡኝ ሴቶቹ ናቸው። ፊቴን በውኃ አጠቡኝ። ጭንቅላቴ ይወቅራል። ደክሞኛል። ዛሬ እዚህ ብቻ ላቁም።


መጋቢት 30፣ ማክሰኞ። ጠዋት

ትናንት ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። ዛሬ ስነሣ ርቦኝ ነበር።

ለዶ/ሩ ደወልሁ። ኔትወርኩ ከአጥሩ ውጭ ብቻ ይይዛል፤ እዚያ ቆሜ፣ በሁለት እግሬ፣ እያመመኝ። እሽ አልሁት። ቀጠሮውን ያዝልኝ። ላይገጥምም እንደሚችል ደግሞ ነገረኝ፤ መደበቅ አይወድም። አውቃለሁ አልሁት። ያዝልኝ።

ከዚያ እምየን ፈለግሁ። የቤቱን ጓዳ ይጠርጋሉ፤ ተዘግቶ ስለከረመ አይጥ ገብቶበታል። ሌላውንም ነገርኋቸው። የማርቆሱን ቤት እለቃለሁ። ዕቃውን ትዕግሥት ታሰናዳልኛለች። ከባ/ዳር ስወጣ የማገግመው እዚህ ነው፣ እርስዎ ዘንድ። ለመስከረም እዚሁ ይጁቤ ዝውውር እጠይቃለሁ፤ ይስጡኝ አይስጡኝ አላውቅም፣ ግን እጠይቃለሁ። ለርስዎ ብዬ አይደለም አልኋቸው። ለኔ ነው። ማታ ስገባ ሰው ያለበት ቤት እፈልጋለሁ።

መጥረጊያውን እንደያዙ ቆሙ። ልጅ ነሽ ገና አሉ። ሠላሳ እንኳ አልሞላሽ። ነገ ሌላ ሰው ታገቢያለሽ፣ እኔ አሮጊት ጋ ምን ትሠሪያለሽ።

ነገን ነገ እናየዋለን አልሁ።

ሲጠርጉ ቆዩ። ጥጉን ሁለት ጊዜ ጠረጉት። ከዚያ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣

«መደቡ ላይ በየት በኩል ነው የምትተኝ?» አሉ። «በግድግዳው ወይስ በደጁ?»

በደጁ በኩል አልኋቸው። ቀኝ እግሬን ዘርግቼ ማሳረፍ አለብኝ፣ ለረጅም ጊዜ።

«እሽ» አሉ። «እንግዲያው እኔ በግድግዳው።»

አሁን ፍራሹን እያወጡ ነው፤ ፀሐይ ሊያስመቱት። ከብዷቸዋል። ልሂድ አንዱን ጫፍ ልያዝላቸው።